መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱን ስለ ማቆየት፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ ስላለው የባትሪ ልማድ የቀረበ ሒስ

በአማርኛችን የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ «መብራት ሄደ» እንላለን። ወፍጮው ቢቆም፣ ምጣዱ ሊጥ እንደ ተነጠፈበት ቢበርድ፣ የሐኪም ቤቱ ክፍል ወደ ጄኔሬተር ቢዞር፣ ሁሉም በዚህች አጭር አነጋገር ይጠቃለላል። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት በስሙ ውስጥ መብራትንም ኃይልንም ይዞ ነበር፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ ይጠራዋል። በዕለት ንግግር ግን ከሁለቱ ቃላት የቀረው መብራቱ ብቻ ነው። ይህን የምናነሣው ቃል ለመልቀም ብለን አይደለም። ሰው ለጐደለበት ነገር መድኀኒት የሚፈልገው ጕድለቱን በጠራበት ስም መሠረት ነው፤ የሄደው መብራት ነው ያለ ሰው በመጀመሪያ የሚገዛውም መብራት ነው። በደብረ ታቦር ገበያ ከሻማና ከፋኖስ ጀምሮ በፀሐይ እስከሚሞላው አምፖል ድረስ ለጨለማ የሚሆን ዕቃ አይጠፋም። በመደርደሪያው ላይ አረንጓዴ ዐይኖቹን ሲያርገበግብ የነበረው የኢንተርኔት ሳጥን ግን ከአምፖሉ ጋር አብሮ ሲሞት ብዙ ሰው እንደ ጕድለት አይቈጥረውም፤ «መብራት ሲመጣ ይመጣል» ይባላል።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህን ሳጥን ነው። ይኸውም መብራት በሌለበት ሰዓት በቤት ያለውን የኢንተርኔት መሣሪያ በባትሪ ለማቆየት በከተማውና በአካባቢው የተለመዱት ዘዴዎች ምን ያህል እንደሚያዛልቁ ለማየት ነው። ነገሩ ለምርምር መጽሔት ያነሰ ነው የሚል ጓደኛ አልጠፋም። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናም በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። የፈተናው አዳራሽ ጄኔሬተር ሊኖረው ይችላል፤ ዝግጅቱ የሚደረግበት ቤት ግን በአብዛኛው የለውም። የመብራቱን ሒሳብ እንኳ በስልክ መክፈል በተለመደበት ዘመን፣ መብራት ስለ ሄደ ኢንተርኔት የሄደበት ቤት ከሁለት ወገን ይጐዳል።

ከዚህም የበለጠ ምክንያት አለ። በሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። በዚያ ጊዜ በሽቦ ወይም በፋይበር የሚመጣ መስመር ያለውና መስመሩም የሚሠራለት ቤት የጎረቤቱ ሁሉ መሰብሰቢያ ነበር። በውጭ አገር ያለ ወንድም ድምፅ የሚሰማበት፣ ማመልከቻ የሚላክበት፣ ውጤት የሚታይበት ደጅ እርሱ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስምንት ዋት የምትበላው አንዲት ሳጥን መጥፋትና አለመጥፋት የአንድ ቤት ጕዳይ መሆኑ ይቀራል።

ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚደርሰው ከጉና ተራራ አጠገብ የተቀመጠ ከተማ ነው። ክረምት ሲገባ ከጉና በኩል የሚወርደው ነፋስ፣ በረዶና ነጐድጓድ ለማንም የአካባቢው ሰው እንግዳ አይደለም። አገሩ የባሕር ዛፍ አገር ነው፤ ብዙው የመብራት ምሰሶ ባሕር ዛፍ ነው፣ ነፋስ ሲመጣ በሽቦው ላይ የሚወድቅበትም ባሕር ዛፍ ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይገባሉ፤ የጣናም ውሃ በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የጢስ ዓባይን ጣቢያና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የጣና በለስን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ከዚህም የተነሣ «ውሃው የእኛ፣ ጨለማውም የእኛ» የሚል አቤቱታ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ደጋግመን አንብበናል። አቤቱታው ልብ ይነካል፤ በኛ አስተያየት ግን ትክክለኛ ሒስ አይደለም። ማመንጨትና ማድረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በቀበሌያችን ጫፍ ዘሞ የቆመውን ምሰሶ ግድቡ ሊያቃናው አይችልም። ስለዚህ የማመንጨቱ ጕዳይ ቢሟላም እንኳ የቤት ባትሪ ነገር ለብዙ ጊዜ አብሮን የሚኖር ይመስለናል።

አሁን ወደ ባትሪዎቹ እንግባ። በከተማው ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች በብዛት የሚታየው ዩፒኤስ የሚባለው ሳጥን ነው። ይህ ዕቃ የተሠራው ለኮምፒውተር ነው፤ መብራት ድንገት ሲቋረጥ ሰውየው የጀመረውን ጽሑፍ አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲዘጋ ጥቂት ደቂቃዎች ሊሰጠው የታሰበ ነው። ለሰዓታት እንዲሠራ የታሰበ አይደለም። ሆኖም ሱቅ ገብተን ለራውተር የሚሆን ባትሪ ስንጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚቀርብልን እርሱ ነው፤ ሲሸጥም በላዩ በተጻፈው ቁጥር እየተወደሰ ነው። ስድስት መቶ ሃምሳ፣ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ይባላል። ገዢውም ቁጥሩ ከፍ ሲል ሰዓቱ የሚረዝም ይመስለዋል። ባንድ ሱቅ «ይህ ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብለን ብንጠይቅ፣ ባለሱቁ ሳያፍር ሳይፈራ «እንደ አያያዝህ ነው፣ ወንድሜ» አለን። መልሱ ለትዳርም፣ ለበሬም፣ ለባትሪም የሚሆን መልስ ነው።

650 የተባለው ቁጥር ሳጥኑ ባንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለውን ጭነት እንጂ የሚቆይበትን ሰዓት አይናገርም። አንድ ኩንታል ጤፍ ባንዴ አንሥቶ ከመቶ እርምጃ በኋላ የሚደክም ጐረምሳ አለ፤ ግማሽ ኩንታል ተጭና ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ የምትዘልቅ አህያም አለች። ለራውተር የሚያስፈልገው አህያዋ ናት። ሰዓቱን የሚወስነው በሆዱ ውስጥ ያለው ባትሪ ነው፤ ይህም በትንንሾቹ ዩፒኤሶች ዘንድ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ እስከ መጨረሻው እየተሟጠጠ ከዋለ ቶሎ ስለሚበላሽ ዕድሜው እንዲረዝም የፈለገ ሰው ከግማሹ በላይ ባይነካ ይሻለዋል። ስለዚህ በእጃችን የቀረው 42 ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ብክነት ነው፤ የዚህ ልማድ ዋና ጥፋትም በኛ አስተያየት እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው ወዳንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ 12 ቮልት ነው። ዩፒኤሱ ይህን ወደ 220 ቮልት፣ አቅጣጫውን ወደሚለዋውጠው የግድግዳ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። ከዚያ የራውተሩ ቻርጀር ተቀብሎ መልሶ 12 ቮልት ያደርገዋል። እህሉን አስፈጭቶ፣ ዱቄቱን ወደ ሩቅ ገበያ ወስዶ ሸጦ፣ በገንዘቡ ዱቄት ገዝቶ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ ሰው ማለት ነው፤ በየመንገዱ ቀረጥ ተከፍሏል። መለወጫው ምንም ጭነት ባይኖርበት እንኳ ለራሱ የሚበላው አለ። እንደ ዕቃው ይለያያል፤ ለምሳሌ 10 ዋት ነው እንበል። ራውተሩ 8 ዋት ቢበላ ባትሪው 18 ዋት ይከፍላል፤ 42 ለ18 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ይኸው ባትሪ በመካከሉ ቮልቱን የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ ብቻ ገብቶለት ወደ ራውተሩ በቀጥታ ቢሰጥ፣ ለማስተካከያው ከአሥር አንዱ ቢቀነስ እንኳ፣ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል። ባትሪው ያው ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ብቻ ነው። በዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ቮልት በአምፔር ሲባዛ ዋት ይሆናል ተብለን በቃላችን ያጠናነው ሕግ ከፈተና ወረቀት ውጭ ሲያገለግል ያየነው በዚህ ስሌት ነው።

ሁለተኛው ልማድ የስልክ ባትሪ መሙያ የሚባለውን፣ ወጣቱ ሁሉ በቦርሳው የሚይዘውን ፓወር ባንክ ወደ ራውተር ማዞር ነው። ለዚህ 5 ቮልቱን ወደ 12 የሚያሳድግ አጭር ገመድ ይሸጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሒሳችን በላዩ በሚጻፈው ቁጥር ላይ ነው። 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ሲጻፍ ቁጥሩ የተሰላው በውስጡ ባለው የሊቲየም ባትሪ በ3.7 ቮልት ነው፤ ራውተሩ ግን የሚጠይቀው በ12 ነው። 10 አምፔር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ነው፤ ለማሳደጊያው የሚጠፋው ሲቀነስ ከ31 ብዙ አይበልጥም፤ 8 ዋት ለሚበላ ራውተር አራት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ይህ የሚናቅ አይደለም። ግን «አሥር ሺህ» የሚለው ቁጥር ከባለ 7 አምፔር ሰዓቱ የእርሳስ ባትሪ የሚበልጥ ሲመስል በእውነቱ 84ን ከ37 ጋር ማወዳደር ነው። እንደዚህ ያሉ ቁጥሮች ሐሰት ናቸው አንልም፤ ሚዛኑ ያልተጻፈበት እውነት ናቸው። ሐሰት የተጻፈበትም በገበያው አይጠፋም፤ በመዳፍ የሚያዝ ቀላል ዕቃ ላይ 50,000 ተብሎ ተጽፎ ያየ ሰው እጁን ቢሰበስብ ይሻለዋል። በዋት ሰዓት የተጻፈ ቁጥር ካለ እርሱን ማንበብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ይገኛል።

ፓወር ባንክ አንድ ሌላ ጠባይ አለው። ብዙዎቹ ራሳቸው እየተሞሉ ሌላውን መመገብ አይችሉም፤ የሚችሉትም ቢሆኑ መብራት በሄደባት ቅጽበት ለአፍታ ይቋረጣሉ። ለስልክ ይህ ምንም አይደለም፤ ስልኩ የራሱ ባትሪ አለው። ራውተር ግን የለውምና ይጠፋል፤ እንደገና ተነሥቶ ከመስመሩ ጋር እስኪታረቅ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ለዚህ ተብሎ የተሠራው፣ ነጋዴዎች «ሚኒ ዩፒኤስ» የሚሉት ትንሽ የሊቲየም ሳጥን ይህ ጕድለት የለበትም፤ በራውተሩና በቻርጀሩ መካከል ሁልጊዜ ተሰክቶ ይቀመጣል፣ መብራት ሲሄድም ራውተሩ አያውቅም። በኛ ፍርድ ከሦስቱ የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ራውተር ሁሉ 12 ቮልት አይደለም፤ 9 ቮልት የሚፈልግም አለ፤ ባለ 9ኙን በ12 መመገብ ሊያቃጥለው ይችላል። የስፒናው ቀዳዳም 2.1 እና 2.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይለያያል፤ በዐይን የማይለይ ይህ ልዩነት ስፒናውን ላላ አድርጎት ሳጥኑ በነካነው ቍጥር ይጠፋል፤ ጥፋቱም በባትሪው ይላከካል። ከራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ ሱቅ መሄድ የሕመሙን ስም ሳይናገሩ መድኀኒት እንደ መግዛት ነው።

የደጋው አየር ለባትሪ የሚስማማ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የእርሳስ ባትሪን ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ በመተማ ቆላ ቶሎ የሚሞት ባትሪ በደብረ ታቦር ጓዳ ረዘም ያለ ጊዜ ይኖራል። ብርዱ በሌሊት አቅሙን ትንሽ ይቀንስበታል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱ ክረምት አልፎ መብራቱ ሲረጋ ባዶውን ባትሪ ከአልጋ ሥር ወርውሮ ይረሳዋል፤ በሚቀጥለው ሰኔ ሲያወጣው አይሞላም። ባዶ ሆኖ የተቀመጠ የእርሳስ ባትሪ ውስጡ ይደነድናል። ወይዘሮዎቻችን ጋንና እንስራን ከማስቀመጣቸው በፊት አጥበው፣ አጥነው፣ ከድነው ነው፤ ባትሪም ከመቀመጡ በፊት መሞላት አለበት፤ በየሁለት በየሦስት ወሩም ወጥቶ መሞላት አለበት።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ዕቃው ነው። የበለጠ ልናተኩርበት የምንፈልገው ግን ባትሪው በማን ቤት መቀመጥ አለበት የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እጀታው እየተሽከረከረ የሚጠራው የጥንቱ ቴሌፎን ድምፅ የሚያስተላልፍበት ደረቅ ባትሪ በገዛ ሳጥኑ ውስጥ ነበረው፤ ባለቤቱ ወይም ሠራተኛው እየቀያየረ ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ ቁጥር ቴሌፎን ይህን ሸክም ከቤት አወጣው። 48 ቮልት ያለው ትልቅ የባትሪ ክምችት በቴሌፎን ማዕከሉ ተቀመጠ፤ ኃይሉ ድምፁ በሚሄድበት በዚያው የመዳብ ሽቦ እስከ ቤት ይመጣል። ከተማው በሙሉ ጨልሞ ሳለ ቴሌፎኑ የሚጮኸው ስለዚህ ነበር። ታላላቆቻችን ይህን እንደ ተፈጥሮ ነገር ይቈጥሩት ነበር፤ መብራት ሲሄድ መብራት ኃይልን የሚጠሩት በዚያው ቴሌፎን ነበርና።

በመዳቡ ሽቦ ላይ ኢንተርኔት ሲጨመር ሞደም የሚባለው ሳጥን ከቤቱ ሶኬት መመገብ ጀመረ። ፋይበር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ተለወጠ። ፋይበሩ መስታወት ነው፤ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ማዕከሉ ቢፈልግም እንኳ በዚህ መስመር ለቤቱ ኃይል ሊልክለት አይችልም። (በክር ቀጭን መስታወት ውስጥ መብራት እስከ ቤታችን ደጃፍ መጥቶ፣ መብራት ስለሌለን የማንቀበለው መሆኑ ለቅኔ ተማሪዎች የምንተወው ነገር ነው።) ባትሪው ከቤት ወደ ማዕከል፣ ከማዕከል ተመልሶ ወደ ቤት መጣ ማለት ነው። አመጣጡ ግን ዝም ብሎ ነው፤ ሸክሙ መመለሱን ለባለቤቱ የነገረው የለም። በሌሎች አገሮች ይህ ለውጥ ሲመጣ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ትእዛዝ የቤት ቴሌፎን አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶች ስምንት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ለደንበኛው እንዲያቀርቡለት፣ ከዚያም ወደ ሃያ አራት ሰዓት እንዲያሳድጉት አዟል፤ ዋጋውን ግን ደንበኛው ይከፍላል። በእንግሊዝ ደግሞ ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2018 ባወጣው መመሪያ ከቤት ቴሌፎን በቀር ሌላ መገናኛ ለሌለው ደንበኛ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚያቆይ መፍትሔ እንዲሰጠው ጠይቋል። ሁለቱም የሚያሳስቡት ሰው ለእርዳታ ስለሚደውልበት ቴሌፎን እንጂ ስለ ተማሪው ንባብ አይደለም፤ ቢሆንም ባትሪው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ በአደባባይ አንሥተው መልሰውታል።

በእኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ ከወጣ ወዲህ ስለ መስመር ብዛት፣ ስለ ደንበኛ ብዛትና ስለ ፍጥነት ብዙ ተነግሯል፤ በተማሪዎች ጽሑፎችም ይህ ያለ ፍተሻ ይደገማል። መስመር ያለው ቤት በቀን ስንት ሰዓት መስመር አለው የሚለውን ግን ከጽሑፎቹ ባንዱም አላገኘንም። የደብረ ታቦር ልጆች የጻፏቸው ደግሞ ስለ ጥበብ ሲነሣ ሁሉ ወደ ጋፋት ይሮጣሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን የእጅ ባለሙያዎች በጋፋት መድፍ እንዳስቀለጧቸውና ሴባስቶፖልም በ1860 ዓ.ም. እስከ መቅደላ እንደ ተጐተተ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛም እንኰራበታለን። ነገር ግን ጋፋትን መጥራት ባትሪ አይሞላም። ከጋፋት የሚቀዳ ነገር ካለ የመጣውን ዕቃ ከፍቶ ውስጡን የማየት ልማድ ነው፤ ይህን ዛሬ የያዙት ድርሰት ጸሐፊዎቹ ሳይሆኑ በየመንገዱ ዳር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑት ልጆች ናቸው። የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ፈትተው ደኅነኞቹን ጥርሶች ለይተው ለራውተር የሚሆን ባትሪ የሚገጣጥሙ አሉ። ሥራቸው አደጋ አለበት፤ ሊቲየም ያለ መከላከያ ሰሌዳ ከተሞላ ሊቃጠል ይችላል። ሆኖም ከሱቁ «እንደ አያያዝህ» ይልቅ ከእነርሱ የተሻለ መልስ አግኝተናል፤ በመለኪያ ለክተው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይናገራሉና።

ባትሪ የማይመልሰውን ነገር ሳንለይ ብንቀር ሒሳችን ጐደሎ ይሆናል። ኢንተርኔት ዝም የሚልባቸው ሦስት ዓይነት ምክንያቶች አሉ፤ በቤቱ ሰው ዘንድ ግን ሦስቱም «ኔትወርክ የለም» ተብለው ይጠራሉ። አንደኛው የቤቱ መብራት መሄድ ነው፤ ይህን ባትሪ ይመልሰዋል። ሁለተኛው መስመሩ የሚነሣበት ማዕከል ወይም የሞባይሉ ማማ ኃይል ማጣቱ ነው። እነርሱም የራሳቸው ባትሪና ጄኔሬተር አላቸው፤ መቋረጡ ሲረዝምና ነዳጁ ሲያልቅ ግን ይጠፋሉ፤ በዚያን ጊዜ የቤታችን ባትሪ ባዶ ቤት እንደሚጠብቅ ዘበኛ ይሆናል። ሦስተኛው መስመሩ ራሱ መቈረጡ ወይም መዘጋቱ ነው፤ ለዚህ ባትሪ ምንም ዋጋ የለውም። ባትሪ ከመግዛቱ በፊት የትኛው እንደሚበዛበት ያላወቀ ሰው ገንዘቡን በዕጣ ያወጣል።

ለማወቅ ደግሞ ብዙ አያስወጣም። መብራት በሄደ ጊዜ ከጎረቤት ባትሪ ተውሶ ሳጥኑን ማስነሣትና መብራቶቹን ማንበብ ነው። በፋይበር ሳጥን ላይ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ መብራት ሳይርገበገብ ከበራ ማዕከሉ በሕይወት አለ፤ ባትሪ መግዛት ይጠቅማል። «ሎስ» የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ ከቤቱ አልደረሰም፤ ፋይበሩ ተቈርጧል ወይም ከወዲያ በኩል ጠፍቷል። ይህን በአሥር ጊዜ መቋረጥ ላይ አሥር ጊዜ አይቶ በደብተር የጻፈ ሰው ከማንኛውም ሻጭ የበለጠ ያውቃል። የዚህ መጽሔት አባላት በየሰፈራቸው በመጪው ክረምት ይህን ቢመዘግቡ፣ መብራት የሄደበትን ሰዓት፣ «ፖን» ስንት ሰዓት እንደ ቆየና መብራት የተመለሰበትን ሰዓት ቢጽፉ፣ በስሜት የሚነገረውን ነገር በቁጥር ለመናገር እንችላለን።

መብራት ሲመለስም ጣጣ አለው። «ዕቃ የሚያቃጥለው ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ ነው» የሚለው የሰፈር አነጋገር ልክ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ቮልቱ ከ220 ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ መጥቶ ተመልሶ ሄዶ፣ እንደገና መጥቶ ነው የሚረጋው። ሳጥኑ በባትሪ እየሠራ ከሆነ የባትሪውን ስፒና ነቅሎ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይቻላል፤ ባትሪ ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ ይህ የመታገሥ አቅም ነው። በነጐድጓድ ጊዜ እናቶቻችን ሶኬቱን ሁሉ የሚነቅሉት ከፍርሃት ብቻ የመጣ አይደለም፤ ጥሩ ልማድ ነው። መስመሩ የመዳብ ከሆነ ግን የቴሌፎኑም ሽቦ አብሮ መነቀል አለበት፤ መብረቅ በሁለቱም ይገባልና።

ስለ ገጠሩ ብዙ አንልም፤ ነገሩ የተለየ ጥናት ይፈልጋል። በጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ ገጠር የቤት የኢንተርኔት መሣሪያ ማለት በአብዛኛው ስልኩ ራሱ ነው፤ የሚሞላውም መብራት ባልገባበት ሁሉ በጣራ ላይ ባለች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ነው። የሰሌዳዋ ችግር ጊዜዋን መሳቷ ነው። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ትርፍ ትሰጣለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ጉናን ሲሸፍነውና መቋረጥም ሲበዛ የምትሰጠው በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ በበጋ ስሌት የተገዛች ሰሌዳ ለክረምት አትበቃም፤ ሻጩ የሚያሳየን ግን በጥር ፀሐይ ነው።

የመጨረሻው ነገር የሞቱት ባትሪዎች ናቸው። አንድ የ7 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ በላይ ነው፤ አብዛኛው እርሳስ ነው፤ በውስጡም አሲድ አለ። በየቤቱ ሲሞት ወደ ቆሻሻ ገንዳ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ይጣላል፤ ባይጣል ደግሞ «ቆራሌው» በጥቂት ብር ይወስደዋል። አፍርሶ በደጅ እሳት የሚያቀልጠው ሰው የሚተነፍሰውን አያውቅም፤ እርሳስ ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ከተማው ቆሻሻውን የሚያጥብባቸው ጅረቶች መድረሻቸው ጣና ነው። በየሱቁ አዲስ ባትሪ ሲሸጥ አሮጌውን ተቀብሎ ዋጋ መቀነስ በመኪና ባትሪ ነጋዴዎች ዘንድ የታወቀ ልማድ ነው፤ ለዩፒኤስ ባትሪ ግን በጠየቅንባቸው ሱቆች «አሮጌውን አንቀበልም» ተብለናል። የመኪናውን ባትሪ የሚቀበለው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ከዚያው መንገድ ማዶ ነው።